ሺዮሳኪ፣ ተሳፋሪ የለም

ባቡሩ ራሱን ይነዳል። ይትባረክ የተቀጠረው ለመናገር ነው።

ከፊት መስታወቱ ሥር ባለችው ጠባብ ወንበር ላይ ነጭ ጓንት አጥልቆ ይቀመጣል። ምልክት ሲመጣ በጣቱ ይጠቁምና ጮክ ብሎ ይጠራል፤ «ምልክት፣ አረንጓዴ።» ጣቢያ ሲደርሱ መሳፈሪያውን ከዳር እስከ ዳር በጣቱ ይከተልና ያየውን ይናገራል፤ «ተሳፋሪ፣ ሁለት። በር፣ ዝግ።» ባቡሩ ይህን ሰምቶ ነው የሚነሳው። ካሜራዎቹ ከእሱ ዓይን የተሻለ እንደሚያዩ ሁሉም ያውቃል፤ ኩባንያውም አይክድም። ነገር ግን ይትባረክ ለሥራ በመጣበት በዚያ የሩቅ ምሥራቅ አገር የባቡር ሠራተኞች ከድሮ ጀምሮ ያዩትን ሁሉ በጣት እየጠቆሙ፣ በድምፅ እየጠሩ ኖረዋል። ሾፌሩ ቀረ፣ ትኬት ቆራጩም ቀረ፤ ይህ ልማድ ግን ሊቀር አልቻለም። ሰው ሳይናገርለት የሚነሳ ባቡር ተሳፋሪውን ያስፈራዋል ተባለ። ስለዚህ አንድ ሰው አስቀሩ። ሥራው ጠሪ ይባላል።

የኢሶሃማ መስመር አጭር ነው። አንድ ፉርጎ ብቻ ያላት የኤሌክትሪክ ባቡር ከኦሂራ ከተማ ተነስታ በቤቶች መሀል ትሽሎከለካለች፤ አንዳንዱ ቤት የጣሪያው ክፈፍ ሊነካት ምንም አይቀረው። ከዚያ ድንገት ግራ ጎኗ ይከፈትና ባሕሩ ይመጣል፤ እስከ መጨረሻው ጣቢያም አይለያትም። ድሮ ቤቶቹ ሰው በነበራቸው ጊዜ ተሳፋሪው በመስኮት የሰዎችን የእራት ገበታ ያይ ነበር ይባላል። አሁን አብዛኞቹ ባዶ ናቸው፤ ባዶ ግን አይመስሉም። ሲመሽ መብራታቸው በየተራ ይበራል። ጠዋት በረንዳቸው ላይ ልብስ በማሽን ይሰጣል፣ ከሰዓት በኋላ ይሰበሰባል። ከትምህርት ቤቱ ግቢ በእረፍት ሰዓት የልጆች ጫጫታ ይሰማል። ጫጫታው የተቀዳ ስለሆነ አንዱ ልጅ በየቀኑ ይወድቃል፣ በየቀኑም ያለቅሳል። ይትባረክ ሥራ በጀመረበት ሰሞን ይደነግጥ ነበር። አሁን በልቡ «አይዞህ» ብሎት ያልፋል።

በየመሳፈሪያው ላይ ደግሞ ቋሚዎች አሉ። ቋሚ ማለት ከጨርቅና ከሽቦ የተሠራ፣ የሰው ቁመት ያለው አሻንጉሊት ነው። ባዶ መሳፈሪያ ያየ ሰው ወደዚያ መስመር አይመለስም የሚል ጥናት ወጥቶ ነው የተተከሉት። አንዱ ሰዓቱን ያያል፣ አንዷ ቦርሳዋን ይዛለች፣ አንዱ አንገቱን አስግጎ ባቡር ይጠብቃል። ሁሉም ግራጫ ለብሰዋል። ለጠሪ በሥልጠና መጀመሪያ የሚነገረው ይኸው ነው፤ ግራጫ አይጠራም።

የጠሪው ቃል ባቡሩን ከማስነሳት ሌላ አንድ ጉዳይ አለው። ከሰኞ እስከ እሑድ አንድም ነዋሪ ያልተሳፈረበት ጣቢያ ይታጠፋል። መታጠፍ የሚለው ቃል የመንግሥት ነው። ጣቢያው ሲታጠፍ ውሃውም መብራቱም አብሮ ይታጠፋል፤ የቀረ ሰው ካለ ኦሂራ ወዳለው ማሰባሰቢያ ሕንፃ ይገባል። በክፉ አይደለም የሚደረገው። ጥቁር ልብስ የለበሰ ሰው ኬክ ይዞ ይመጣል፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል፣ ሽማግሌውን ክንዳቸውን ደግፎ ያሳፍራል። የመጨረሻው ባቡር ሲነሳ ከድምፅ ማጉያው ጭብጨባ ይሰማል። ሕመም ነበረ፣ እርጅና ነበረ ማለት አይቻልም። ሕጉ የሚጠይቀው ተሳፍሯል ወይስ አልተሳፈረም ብቻ ነው።

ከመስመሩ ጣቢያዎች አንዷ በሆነችው በሺዮሳኪ የቀሩት አንድ ሰው ነበሩ፤ ወይዘሮ ሃማኖ ኪዮ። ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል፣ ዓሣ አጥማጅ ባላቸውን ከቀበሩም እንዲሁ። ማክሰኞና ዓርብ በባቡሩ ኦሂራ ወዳለው የሕዝብ መታጠቢያ ይሄዳሉ፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፈው፣ ፊታቸው ቀልቶ ይመለሳሉ። ቤታቸው መታጠቢያ አጥቶ አይደለም። የሚሄዱት ጣቢያው እንዳይታጠፍ ነው፤ ይህንንም ከማንም አይደብቁም። ብርድም ይሁን ማዕበል፣ ደስ ቢላቸውም ባይላቸውም፣ ቀኑ ሲደርስ መሳፈሪያው ላይ ቆመው ይገኛሉ።

የይትባረክን ስም መጥራት ስላቃታቸው «ኢቶ ሳን» አሉት። ሳን ለሰው ሁሉ የሚጨመር የአክብሮት ቃል ነው። ከዚያ ወዲህ የመስመሩ ሰው በሙሉ ኢቶ ሳን ነው የሚለው። ከኋላው ባለው ወንበር ይቀመጡና ያወሩታል። ጠሪ በሥራ ላይ ወሬ መመለስ አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ እሳቸው ያወራሉ፣ እሱ ያዳምጣል። ስለ ባላቸው፣ ስለ ዘንድሮ የባሕር ሣር፣ የመታጠቢያ ቤቱ ሰዎች ውሃውን ስላቀዘቀዙት። ሲጠይቁትም መልሱን ራሳቸው ይሰጣሉ። ዓርብ እንደሚጾም ስለሚያውቁ ዓሣውን ትተው የደረቀ የባሕር ሣር በወረቀት ጠቅልለው ያመጡለታል። አምላክህ በባሕር ሣር ቅር አይለውም አይደል ይሉትና፣ አይለውም ብለው ከጎኑ ያስቀምጡለታል።

እዚያ አገር በየመንገዱ ዳር ትንንሽ የድንጋይ ምስሎች ቆመዋል፤ ሕፃናትንና መንገደኛን ይጠብቃሉ ይባላል። ሰዎችም ብርድ እንዳይመታቸው ቀይ ኮፍያና ቀይ የአንገት ልብስ ያለብሷቸዋል። ወይዘሮ ኪዮ የሺዮሳኪዎቹን በየዓመቱ የሚያለብሱት እሳቸው ናቸው። ከተረፈው ክር ለራሳቸውም ቀይ የአንገት ልብስ ሠርተዋል፤ ይትባረክ በሩቁ የሚያውቃቸው በእሱ ነው።

በኅዳር አንድ ሳምንት ወይዘሮ ኪዮ ማክሰኞ አልመጡም። ዓርብም አልመጡም። ይትባረክ በእያንዳንዱ ምልልስ ሺዮሳኪ ሲደርስ ጣቱን ከወትሮው ቀስ አድርጎ ይነዳል፣ ከመጨረሻው ምሰሶ ላይም ያቆየዋል። ከዚያ ያየውን ይናገራል፤ «ሺዮሳኪ። ተሳፋሪ፣ የለም።» በእረፍቱ ቤታቸው ደወለ። ያነሳው ቤት ውስጥ የሚንከባከባቸው አስታማሚ ማሽን ነበር። እመቤቲቱ ወገባቸውን ታመው መተኛታቸውን በደግ ድምፅ ነገረው፤ ስለ ደወሉም እናመሰግናለን አለው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጭጋግ ከባሕሩ ወጥቶ ሐዲዱ ላይ ተኛ። ባቡሩ ሺዮሳኪ ሲገባ የመሳፈሪያው ጣሪያ እንኳ በግማሹ ነው የሚታየው። ሦስት ጥላዎች ቆመዋል። ከሦስቱ በአንዱ አንገት ላይ ቀይ ነገር አለ። ይትባረክ አላሰበም። ጣቱ ብድግ አለ።

«ሺዮሳኪ። ተሳፋሪ፣ አንድ።»

ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበረበት። ጠሪ በድምፁ ደስታም ሐዘንም እንዳያሰማ ይመከራል።

በሩ ተከፈተ። ጭጋጉ ገባ እንጂ ሰው አልገባም። አፉ ከልማድ የተነሳ «በር፣ ዝግ» አለ፤ ባቡሩም ቃሉን ሰምቶ ተነሳ። ሲያልፉ በጎን መስኮቱ በቅርብ አየ። ቦርሳዋን የያዘችው ቋሚ ናት። የወይዘሮ ኪዮ ቀይ የአንገት ልብስ ሁለት ዙር ተጠምጥሞላታል፤ ነፋስ እንዳይወስደውም ጫፉ ተቋጥሯል።

ካሜራው ማንም እንዳልገባ አይቷል። ሕጉ የሚቀበለው ግን የጠሪውን ቃል ነው። ጠሪ ከተሳሳተ የሚቀጥለው ጣቢያ ሳይደርስ ማረም ይችላል፤ ከዚያ ካለፈ የተጠራው ተጠራ። የሚቀጥለው ጣቢያ ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ አንድ የባሕር ዳር መታጠፊያና አንድ አጭር ዋሻ ነው።

ይትባረክ ባሕሩ የነበረበትን ነጭ ነገር እያየ አሰበ። አውቆ አልዋሸም። ዝም ቢል ሴትዮዋ ቢያንስ ሌላ ሳምንት ቤታቸው ይከርማሉ፤ ወገባቸውም ይሻላቸው ይሆናል። በዚህ የሚጎዳ ሰው ለማግኘት ሞከረ፤ አላገኘም። ነገር ግን ጠዋት ጓንቱን ሲያጠልቅ በስመ አብ ብሎ ነው። ቀኑን ሙሉ ከአፉ የሚወጣው የሌላ ሰው ሕይወት የሚያድርበት ቃል ነው፤ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ አለ፣ የለም። ከእነዚህ አንዱን ለደግነት ብሎ ቢያጣምም ነገ የቀሩትን በምን አፉ ይጠራቸዋል? ዋሻው አፍ ላይ ሲደርሱ የመነጋገሪያውን ቁልፍ ተጫነ።

«ማረሚያ። ሺዮሳኪ። ተሳፋሪ፣ የለም።»

ወዲያ ማዶ ያለው ሞሪታ ነው። ከኦሂራ ሆኖ መስመሩን የሚጠብቅ፣ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ ሰው ነው። ከይትባረክ ጋር ለዓመታት በድምፅ ተዋውቀዋል፤ መልኩን ግን ይትባረክ አያውቀውም።

«ኢቶ ሳን» አለ ሞሪታ፤ «ዋሻው ነው መሰለኝ፣ ያሉትን አልሰማሁም። ጣቢያው ሊደርስ ነው። ካልደገሙት ምንም እንዳልተባለ እቆጥረዋለሁ።»

ሞሪታ አልሰማሁም ሲል ይህ የመጀመሪያው ነበር። ይትባረክ ሰውየው ምን እየሰጠው እንደሆነ ገባው። እግዜር ይስጥልኝ በሚል ቃና አመሰገነው። ከዚያ ቃል በቃል ደገመው።

«ሰማሁ» አለ ሞሪታ። ከዚያ «ነገ እሑድ ነው» አለ።

ይትባረክና ሚስቱ ስሂን የሚኖሩት እዚያው ማሰባሰቢያ ሕንፃ ውስጥ፣ ለሠራተኛ በተሰጠ ፎቅ ላይ ነበር። ቤቱ ይሞቃል፣ ንጹሕ ነው። መስኮቱ የተጠየቀውን ያሳያል፤ ተራራ ቢሉት ተራራ፣ ዝናብ ቢሉት ዝናብ። በሮቹ ደግሞ የሚከፈቱት ኮሪደሩ ባዶ ሲሆን ብቻ ነው፤ ነዋሪ ከነዋሪ ጋር ተገናኝቶ እንዳይጨናነቅ። ስሂን የጎን ጎረቤታቸውን አይታት አታውቅም። ሽንኩርት ሲያርርባት ግን ታውቃለች። አንድ ቀን ሽታው ለረጅም ጊዜ ሲጠፋ ለሕንፃው አመለከተች፤ ስለ ጎረቤት መጠየቅ በደንቡ የለም አሏት። ከሳምንታት በኋላ የሽንኩርቱ ሽታ ተመለሰ፤ ስሂን ተነስታ አማተበች።

ያን ቀን ባሏ ሲገባ ፊቱን አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ሁሉንም ነገራት። አላቋረጠችውም።

«ጥሩ አደረግህ» አለች ሲጨርስ። «አሁን ሴትዮዋ ምን ይሆናሉ?»

ሰኞ ኬክ ይመጣላቸዋል አላት።

«አንተ ሰውዬ፣ እውነቱን ተናግሮ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አለ እንዴ?»

ምን ላድርግ ሲላት አሰበች። አዝሎ ማሳፈርን አነሳችና አስታማሚው ከአልጋ እንደማያስነሳቸው ስታውቅ ተወችው። ሌላ ሰው ቢሳፈርስ አለች። ነዋሪ መሆን አለበት አላት። ስሂን ወደ መስኮቱ ዞረች፤ መስኮቱ በዚያ ሰዓት የሚያሳየው የቀርከሃ ጫካ ነበር።

«እዚያ ስንት ቤት አለ?»

«ብዙ። ከአንዱ በቀር ሁሉም ባዶ ነው።»

«እና ምን ትጠብቃለህ?» አለችው።

እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት መስኮት ሄዱ። መስኮቱ ላይ የሚያስተናግደው ድምፅ ብቻ ነው፤ በዓል አያውቅም። ባዶ ቤቶች ለጠየቀ ሁሉ በነፃ እንደሚሰጡ ከተደነገገ ቆይቷል። የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም። ይትባረክ ሺዮሳኪ መግባት እንፈልጋለን ሲል ድምፁ ከሺዮሳኪ ለመውጣት ማለታችሁ ነው ብሎ አረመው። ለመግባት ነው አለ። ድምፁ ይቅርታ ጠይቆ የመልቀቂያ ደንቡን ያነብላቸው ጀመር። ስሂን ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ፣ ሞግዚት ለልጅ እንደምትናገረው፣ ቃል በቃል ነገረችው፤ እንገባለን፣ እንኖራለን፣ አንወጣም። ድምፁ ቀጥሎ ምክንያት ጠየቀ፤ ሕክምና፣ ትምህርት፣ ሥራ፣ ከእነዚህ የቱ ነው አለ።

«ጎረቤት ፈልገን ነው» አለች ስሂን።

ይህን የት እንደሚያስገባው ሳይቸግረው አልቀረም፤ ሆኖም ተቀበላቸው። ከወይዘሮ ኪዮ ቤት ቀጥሎ ያለው፣ ሰማያዊ ጣሪያ ያለው ቤት ደረሳቸው።

ሺዮሳኪ ሲወርዱ ጭጋጉ ተገፏል። ቤታቸው በረንዳ ላይ የሌላ ሰው ልብስ ተሰጥቶ ነበር፤ የወንድ ሸሚዝ፣ የሕፃን ካልሲ። ማንም ሳይለብሰው ስንት ጊዜ እንደታጠበ እንጃ፤ በባሕሩ ጨው ደርቆ እንደ ጣውላ ቆሟል። ስሂን አውርዳ አጣጠፈችው። ከዚያ ወደ ጎረቤት ሄዱ።

ወይዘሮ ኪዮ ወለል ላይ በተነጠፈው መኝታ በጀርባቸው ተንጋለዋል። ከበሩ አጠገብ አንዲት ሻንጣ ተዘጋጅታ ቆማለች፤ ከላይዋ የባላቸው ፎቶግራፍ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ይትባረክ ጫማውን አውልቆ ተንበረከከና ያደረገውን ነገራቸው። በጭጋግ መሳሳቱን፣ አንድ ብሎ መጥራቱን፣ ማረሙንም። ስሂን ከኋላው ሆና ጉልበቷን እያየች ታዳምጣለች።

ወይዘሮ ኪዮ መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ ወገባቸውን ስለያዛቸው መልሰው አቃሰቱ።

«አሻንጉሊቷ እኔን መስላህ? ያን ያህል ከስቻለሁ?»

ቅዳሜ አስታማሚውን አታልለው ወጥተው ነበር። ግድግዳ እየተደገፉ መሳፈሪያው ድረስ ደርሰዋል። ባቡሩ ግን ገና ነበር፤ ሕመሙ ቀድሞ መጣ። ሊመለሱ ሲሉ ቋሚዋ በዚያ ነፋስ አንገቷ ባዶውን ቆማለች። እኔ እቤቴ ልገባ ነው፣ እሷ እዚህ ልታድር ነው ብለው አለበሷት። እንደ ድንጋይ ምስሎቹ ማለት ነው። ማታለል ቢፈልጉ ኖሮ ኮፍያም ይጨምሩላት እንደነበር ነገሩት።

«ማረምህ ጥሩ ነው» አሉ። «በአሻንጉሊት ስም ቤቴ ብቀመጥ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።» ይህን ሲሉ ግን እጃቸው የመኝታውን ጠርዝ ጨብጦ አልለቀቀም።

ይትባረክ ሰማያዊ ጣሪያ ስላለው ቤት ነገራቸው። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ የሺዮሳኪ ነዋሪዎች መሆናቸውንም። ወይዘሮ ኪዮ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ ስሂንን፣ ከእነ ነጠላዋ፣ ከእግር እስከ ራሷ አዩ።

«ያ ቤት ያፈሳል» አሏት። «ነግረውሻል?»

«አልነገሩንም።»

«በምሥራቅ በኩል ነው። ባልዲ እሰጥሻለሁ።» ከዚያ አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ የሐዲዱ ደወል ከሩቅ መሰማት ጀምሯል። «ባቡሩ እየመጣ አይደለም እንዴ? ምን ተጎልታችሁ ታዩኛላችሁ? ሂዱ፣ ሂዱ!»

ሁለቱም ጫማቸውን በቅጡ ሳያደርጉ ሮጡ። የስሂን ነጠላ በነፋሱ ከኋላዋ ይውለበለብ ነበር። መሳፈሪያው ላይ ደርሰው ከቋሚዎቹ ጎን ቆሙ፤ እያለከለኩ። የዚያ ቀን ጠሪ ሳቶሚ የምትባል ወጣት ሴት ነበረች። ጣቷ ከዳር ተነስታ በግራጫዎቹ ላይ አለፈች፣ ከነጩ ላይ ስትደርስ ቆመች። ነጭ የለበሰ ሰው ስለ መጥራት ሥልጠናው ላይ የተባለ ነገር የለም። ስሂን እጇን አንስታ አወዛወዘችላት።

«ሺዮሳኪ» አለች ሳቶሚ። «ተሳፋሪ፣ ሁለት።»

ኬኩ ሰኞ አልመጣም።

የብርዱን ወራት ይትባረክና ስሂን ባልዲ እየገለበጡ፣ ጣሪያ እየጠገኑ አሳለፉት። ስሂን ኦሂራ ወዳለው ሥራዋ በየቀኑ ትሳፈራለች። ይትባረክም ወደ ሥራው ሲሄድ የሚጠራው ሌላ ነው፤ ጠሪ ራሱን አይጠራም። ወይዘሮ ኪዮ ወገባቸው ተሻላቸው። ማክሰኞና ዓርብ መውጣታቸውንም አልተዉም። ቢቀሩ ምንም እንደማይሆን ስሂን ስትነግራቸው አውቃለሁ ይሏታል፤ ቀኑ ሲደርስ ግን ቆመው ይገኛሉ። በአንድ ሰው ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ የኖረ ነገር ቶሎ አይለቅም። በአጥሩ በኩል የጎረቤቶቹን ልብስ አሰጣጥ ይነቅፋሉ፣ ስሂን ሽንኩርት ስታበዛ ያስነጥሳቸዋል፣ ካስነጠሳቸው በኋላም ሳህን ይዘው ይመጣሉ።

የዝናቡ ወራት ሲገባ አንድ ሰኞ አመሻሽ ላይ ሦስቱም በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ባሕሩ ጠቁሯል። ወይዘሮ ኪዮ ደመናውን ሲያዩ ቆዩና፣ ለራሳቸው እንደሚነግሩ ሁሉ፣

«ነገ ይዘንባል» አሉ። «እኔ አልወጣም። እናንተ ሂዱ።»

ስሂንና ይትባረክ ተያዩ።

በማግስቱ ማክሰኞ ዘነበ። የጠዋቱ ባቡር በወይዘሮ ኪዮ ቤት ጥግ፣ ክፈፉን ሊነካ እየተቃረበ ሲያልፍ፣ ስሂን በባቡሩ መስኮት አጮልቃ አየች። መጋረጃቸው እንደተዘጋ ነበር። ከሞቀ እንቅልፋቸው ገና አልተነሱም።